ለሚያገኘኝ ሰው

ቤት ሊያቃጥል የመጣ ሰው ክብሪት አንድ በአንድ እየጫረ፣ እሳቱን መልሶ እፍ ብሎ የሚያጠፋው ለምንድን ነው?

መርማሪ ማዕዶት ቂርቆስ ይህን ጥያቄ ይዛ በመድኃኒት ክፍሉ ወለል ላይ ተንበርክካለች። በሚኒሶታ ፊሊፕስ ሰፈር ያለው የምርምር ክሊኒክ የጭስ ደወል ከቆመ ገና ብዙም አልቆየም፤ ሰዉ አሁንም ውጭ በብርድ ቆሟል። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ። አንድ የብረት መደርደሪያ በጎኑ ወድቆ ነጫጭ የክኒን ብልቃጦች በየማዕዘኑ ተንከባልለዋል። በመካከላቸው ጫፋቸው ብቻ የጠቆረ የክብሪት እንጨቶች አሉ። ከእንጨቶቹ አጠገብ ትንሽ ደም።

ባልደረባዋ ኤሪክሰን በሩን ተደግፎ ያያታል።

«ምኑ ነው የሚያስጨንቅሽ? ክብሪት አለ፣ ካርቶን አለ፣ የተናደደ ሰው አለ።»

«ካርቶኑ እጁ ሥር ነበር። ለምን አልለኮሰውም?»

«ደወሉ አስደንግጦት።»

«የደነገጠ ሰው አንድ ጭሮ ይሮጣል። ይሄኛው እዚህ መሬት ላይ ተቀምጦ ደጋግሞ ጭሯል። ከዚያ ደግሞ አጥፍቷል።»

ኤሪክሰን ትከሻውን ሰበቀ። «ጥሩ ቤት አቃጣይ አይደለም እንግዲህ።»

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ክሊኒኩ በአዲስ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሙከራ የሚሳተፉትን ሰዎች ከነቤተሰባቸው አዳራሽ ጠርቷል። ሙከራው እስካሁን ያሉት መድኃኒቶች ላልሠሩላቸው ሰዎች ነው። ግማሾቹ አዲሱን ክኒን ይወስዳሉ፤ ግማሾቹ መልኩ ያው የሆነ ባዶ ክኒን። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ተሳታፊውም አያውቅ፣ ሐኪሙም አያውቅ። ተመራማሪዎቹ ለዓመታት የሐበሻ ሰው ደጃቸው ዝር አይልም ሲሉ ኖረዋል። በዚህ ሙከራ ግን ከኢትዮጵያ የመጡት አንድ ሙሉ ረድፍ ወንበር ሞልተው ተቀመጡ። ያመጣቻቸው አንዲት ሴት ናት፤ ዘመናይ ትባላለች። በዚያ ጠዋት መድረክ ላይ ወጥታ ልትናገር ስሟ ሲጠራ ነበር ደወሉ የጮኸው።

አሁን ሙከራው ቆሟል። የመድኃኒት ክፍሉ ተደፍሯልና አንድም ክኒን ለማንም አይሰጥም፤ ከውስጥ የሆነ ሰው ሆን ብሎ ያደረገው ከሆነ ደግሞ ጥናቱን የሚያካሂደው ድርጅት ከሚኒሶታ ነቅሎ ሊሄድ ይችላል። ተጠርጣሪው ተይዟል። በኮሪደሩ ጫፍ ያለው ካሜራ ወደዚያ ሲገባና ከደወሉ በኋላ ሲወጣ ያሳየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ኪሱ ውስጥ ክብሪት ተገኝቷል።

* * *

ለሜሳ ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ቃሉን የሚቆጥብ ሰው ነው። ቡርንስቪል ባለ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። እሱም ከተሳታፊዎቹ አንዱ ነበር፤ ባለፈው ወር ግን «ባዶ ነው የሰጣችሁኝ፣ ሰው ዳግመኛ እዚህ ቤት እንዳይገባ አደርጋለሁ» ብሎ በኮሪደሩ ጮኾ ወጥቷል። የጮኸውን ሁሉም ሰምቷል።

ማዕዶት ስትገባ ፖሊስ ጣቢያው የሰጠውን ሳንድዊች ይበላ ነበር፤ ቃሪያውን ለይቶ አስቀድሞ እየጨረሰ።

«ታጨሳለህ?»

«እኔ? የቸርች ሰው ነኝ።»

«ክብሪቱ ታዲያ ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ክብሪት መያዝ ወንጀል ነው?»

«ዛሬ ነው።»

«እንግዲያው ጻፊው።» ሌላ ቃሪያ አነሣ።

«ስትገባ ጥቁር ጃኬት ለብሰሃል። ስትወጣ የለም። የት ሄደ?»

«ጠፋ።»

«በዚህ ብርድ?»

«አቦ፣ ሚኒሶታን የለመደ ሰው አይበርደውም።»

ማዕዶት ወንበሯን ሳበች። ያደገችው ሴንት ፖል ነው፤ አማርኛዋን ከእናቷ ነው የተማረችው፣ ምርመራን ደግሞ ከኤሪክሰን። ሁለቱም አስተማሪዎቿ ሰው ዝም ሲል አትቸኩዪ ይሏት ነበር። ጠበቀች። ለሜሳ ግን ከእሷ የበለጠ መጠበቅ ይችል ነበር።

«ስማኝ» አለችው በመጨረሻ። «ዐቃቤ ሕጓ ነገ እኩለ ቀን ላይ ትወስናለች። ሆን ብሎ እሳት መለኮስ ከተባለ መታሰር ብቻ አይደለም። ዜጋ አይደለህም። ስትጨርስ ዲፖርት ያደርጉሃል። ሚስትህስ?»

ማኘኩን አቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ ተናገር።»

«እኅቴ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ። የማንንም ቤት አላቃጠልኩም። ከዚህ ሌላ ከእኔ አፍ አታገኚም።»

ውጭ ኤሪክሰን ቡና ይዞ ጠበቃት። «አመነ?»

«አላመነም። አልዋሸምም። እሱ ነው የሚያሳስበኝ።»

* * *

ብራያን የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ነው። ቁልፉ ያለው እሱ ዘንድ ብቻ ነው። «ቆልፌው ነበር» አለ። «ምዬ መናገር እችላለሁ።»

የበሩ ቁልፍ አልተነካም፣ መዝጊያውም አልተሰበረም። ብራያን ደግሞ ከጃኬቱ እስከ ጢሙ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። ኤሪክሰን ነቃ አለ።

«ክብሪት ነው የምትጠቀመው?»

«ላይተር።» አውጥቶ አሳየ።

«ደወሉ ሲጮኽ የት ነበርክ?»

«ክፍሌ።»

«ክፍልህ ባዶ ነበር» አለች ማዕዶት በእርጋታ።

ጥቂት አቀረቀረና ዘረገፈው። ዕቃ መጥቶለት በሩን በጋሪ ደግፎ ከፍቶ ትቶታል፤ «አንዲት ሲጋራ ብቻ» ብሎ ከሕንፃው ጀርባ ወጥቷል። የፓርኪንጉ ካሜራ እዚያው ሲያጨስ፣ ደወሉን ሲሰማ ደግሞ ሲጋራውን ጥሎ ሲሮጥ ያሳያል። «ከሥራ ያባርሩኛል» አለ። ምናልባት ያባርሩታል፤ እሳት ግን አልለኮሰም።

«ስለዚህ የሰበረ የለም» አለች ማዕዶት መኪና ውስጥ። «በሩ ክፍት ነበር። ሰብሮ የገባ የለም፣ የተቃጠለ የለም። ምን ቀረን?»

«የወደቀ መደርደሪያና ዝም ያለ ሰው» አለ ኤሪክሰን። «ደግሞም ደም። የደሙ ውጤት ሳምንታት ይፈጃል፤ አንቺ ያለሽ እስከ ነገ ነው።»

* * *

ዘመናይ የምትኖረው ሜፕልዉድ፣ ከገበያ አዳራሹ ጀርባ ባለ አፓርትመንት ነው። በሩን የከፈተው ባሏ ሐጌ ነበር፤ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ የሥራ ልብሱን አላወለቀም። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃቸው ቅድስት ሶፋው ላይ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች። ከጓዳ ልብስ ማድረቂያው ድራየር ይዞራል፤ ውስጡ ያለ አንድ ብረት ነገር በዞረ ቁጥር ቋ፣ ቋ ያደርጋል።

ዘመናይ አርባ አምስት ይሆናታል። የቸርቿ ኳየር፣ የመዘምራኑ መሪ ናት፤ ቁጭ ብላ እንኳ መድረክ ላይ የቆመች ትመስላለች። ሐጌ ለሁለቱም ትኩስ ሻይ አቀረበ።

«ደወሉ ሲጮኽ የት ነበሩ?» አለች ማዕዶት።

«መኪና ውስጥ። ንግግሬን... እለማመድ ነበር።»

«ብቻዎን?»

«ከእኔ ጋር ነበረች» አለች ቅድስት በእንግሊዝኛ፣ ከስልኳ ቀና ሳትል። «ዘ ሆል ታይም።»

«በአማርኛ መልሺ፣ እንግዳ አለ» አለ ሐጌ።

«ሺ ኢዝ ፖሊስ፣ ዳድ። እንግሊዝኛ ይገባታል።»

ማዕዶት ፈገግ አለች። «ይገባኛል። እስኪ ስለ ጥናቱ ይንገሩኝ፣ እኅት ዘመናይ።»

ዘመናይ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመረጠች ጀመረች። «የእኛ ሰው ይደብቃል። ልጁ ሲወድቅ መጋረጃ ስቦ ነው የሚያስታምመው። እኔም ሃያ ዓመት ተደብቄያለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ቸርች መድረክ ላይ ወጣሁና ‹የሚጥል በሽታ አለብኝ፣ ሙከራ ውስጥም ልገባ ነው› አልኩ። ሰዉ ዝም አለ። ከሳምንት በኋላ ግን ስልኬ መጥራት ጀመረ። ‹እኔም አለብኝ› ይላሉ። ከዲሲ ሳይቀር ይደውላሉ።» አንገቷ ቀና አለ። «ይህ መድኃኒት ነገ ለዓለም ቢደርስ የእኛም አካል ገብቶበታል። ማንም ሠርቶ የሰጠን ብቻ አይደለም።»

«ከገቡ ወዲህስ ወድቀው ያውቃሉ?»

ድራየሩ ቋ፣ ቋ አለ።

«አላውቅም» አለች ዘመናይ። «ሳልወድቅ ስለቆየሁ መንጃ ፈቃዴን በዚህ ወር ይመልሱልኛል።»

«ለሜሳን ያውቁታል?»

«እኔ ነኝ ያስገባሁት። ዛሬም ንግግሬን እንዲሰማ ለምኜ የጠራሁት እኔ ነኝ።» ወደ መስኮቱ ዞረች። «ክፉ ሰው አይደለም።»

«ሲዝት ሰምተውታል ግን።»

«ተስፋ የቆረጠ ሰው ይጮኻል። ያቃጥላል ማለት ነው?»

ማዕዶት ስትነሣ የራሷን ሻይ ጨርሳለች። የዘመናይ ሻይ እንደተቀዳ ቀዝቅዞ ነበር።

* * *

በአዳራሹ ከኮሪደሩ በር አጠገብ ተቀምጦ የነበረው ምንዳዬ የሚባል ሽማግሌ ነው፤ እሱም ከተሳታፊዎቹ ነው። ቡርንስቪል በሚኖርበት ሕንፃ በር ላይ አገኘችው። የቤቱ ቁልፍ ጠፍቶት ኪሱን እያራገፈ ነው።

«ያዢልኝ፣ ልጄ» አለና በእጇ ላይ ይከምር ጀመር፤ መነጽር፣ የአውቶቡስ ካርድ፣ መሐረብ፣ ክብሪት።

ማዕዶት ክብሪቱን አየችው።

«ያጨሳሉ እንዴ፣ አባባ?»

«ጌታን ካገኘሁ ወዲህ? ምን ነክቶሽ።»

«ክብሪቱስ?»

«እሱ ለእኔ አይደለም። ለሚያገኘኝ ሰው ነው።»

«ለማን?»

ሽማግሌው ቁልፉን ፍለጋ አቁሞ አያት። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ? አገር ቤት ሰው ሲወድቅ አይተሽ አታውቂም?»

«ልጅ ሆኜ ነው የመጣሁት።»

«ሰው ሲወድቅ አጠገቡ ያለው ሮጦ ክብሪት ያመጣል። ይጭርና እፍ ብሎ ያጠፋዋል፤ ጭሱን ያሸተዋል። እስኪነቃ ደጋግሞ። እዚህ አገር ደግሞ ክብሪት ማን ይይዛል? ስለዚህ እኔው ይዤ እዞራለሁ። የሚያገኘኝ የእኛ ሰው ከሆነ ፍለጋ እንዳይቸገር።»

«ይሠራል?»

«ዶክተሩ አይሠራም ይላል። በጎኑ አስተኙት፣ ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ጠብቁ ነው የሚለው። እሺ እላለሁ።» ክብሪቱን ከእጇ ወስዶ ወደ ኪሱ መለሰ። «ግን ስነቃ ያ ሽታ ካለ፣ ብቻዬን እንዳልነበርኩ አውቃለሁ። ይህስ መድኃኒት አይደል?»

መኪናዋ ጋ ስትደርስ ለኤሪክሰን ደወለች።

«ሁሉም ክብሪት ይይዛሉ እያልሽኝ ነው?» አለ። «እንግዲያው አንድ ሰው ብቻ ማሰራችን ስህተት ነው።»

«ስህተቱስ ስህተት ነው። እሳት ሊለኩስ የመጣ ሰው አልነበረም፣ ኤሪክሰን። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ወድቋል። መደርደሪያውን ይዞ ነው የወደቀው።»

«ለሜሳ ራሱ?»

አሰበችበት። የሚጥል በሽታ የጣለው ሰው ወዲያው ተነሥቶ ቀጥ ብሎ አይራመድም፤ ለሜሳ ግን በካሜራው ላይ እንደ ወታደር ነው የሄደው። ደሙስ? የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ ምላሱን ይነክሳል። ለሜሳ ደግሞ ቃሪያውን ለይቶ በልቶታል።

«አይደለም» አለች። «ምላሱ ደኅና ነው። ጃኬቱን ከሌላ ሰው ራስ ሥር ነው ያደረገው።»

ከዚያ በኋላ ያልተነካው ሻይ ታወሳት። ቀስ ያለው ንግግር። ጓዳ ውስጥ በዞረ ቁጥር ድራየሩን የሚመታው የብረት ዚፕ።

ለሐኪሙ፣ ለዶክተር ሊንድግሬን፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበራት። «አንድ ተሳታፊ መድኃኒቱን እየወሰደ ቢወድቅ ጥናቱ ይዘጋል?»

«ቢዘጋ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት በዘጋነው» አለ ሐኪሙ። «ሰዎች ይወድቃሉ። መቼ፣ ስንቴ፣ እንዴት የሚለውን ለማወቅ ነው እዚህ ያለነው። እኛን የሚያጠፋን የተደበቀ ውድቀት ነው። የተደበቀ ውድቀት ባዶውን ክኒን መድኃኒት ያስመስለዋል፤ ነገ ሰው አምኖት ይወስደዋል።»

* * *

እሑድ ጠዋት አምልኮ ሳይጀመር ማዕዶት ዘመናይን ቸርቹ ምድር ቤት፣ ኳየሩ ልብስ በሚቀይርበት ክፍል አገኘቻት። ቅድስት በሩ ላይ ቆመች፤ አልወጣችም።

«ምላስዎ ተሻለ?» አለች ማዕዶት።

ዘመናይ የኳየር ልብሷን እንደያዘች ቀረች።

«ማም፣ ዶንት» አለች ቅድስት።

«ተይ» አለች እናቷ። ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። መናገር ከጀመረች ወዲያ አልቆመችም። ስሟ ሊጠራ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው የመውደቁ ምልክት መጣባት፤ አፏ ውስጥ የብረት ጣዕም፣ ዓይኗ ላይ ጭጋግ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ከፊት ረድፍ ተቀምጣ! በመድረኩ ጎን፣ የኮሪደሩ ካሜራ በማያየው በር ወጥታ ያገኘችው ክፍት ክፍል ውስጥ ገባች። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው የክብሪት ሽታና የለሜሳን ፊት ነው። ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ ስትንገዳገድ አይቷታል።

«‹አትንገር› አልኩት። ‹እኔ ወደቅሁ ከተባለ መድኃኒቱ አይሠራም ይላሉ፤ ያመጣኋቸው ሁሉ ይበተናሉ› አልኩት። እሱ ደግሞ ማለልኝ። ከዚያ ግድግዳ እየተደገፍኩ፣ ካሜራ በሌለበት በጀርባው ደረጃ ወጣሁ። ጃኬቱን ደም ስለነካው ይዤው ሄድኩ፤ አጥቤ ልመልስለት።» እጇን አየች። «ይታሰራል ብዬ አላሰብኩም። ከታሰረ በኋላ ደግሞ... ነገ ይፈቱታል፣ ነገ ይፈቱታል አልኩ።»

«እኩለ ቀን ላይ ይከሱታል።»

«ልጄም ስለ እኔ ዋሸች» አለች ዘመናይ።

ማዕዶት ሐኪሙ ያላትን ቃል በቃል ነገረቻት። ከላይ ፒያኖው ጀመረ።

«እና ውድቀቴም ያስፈልጋቸዋል?»

«ከሁሉ በላይ።»

«እኔ ደግሞ መቆሜን ብቻ ነው የሚፈልጉት ብዬ።» ተነሣች። የኳየሩን ልብስ አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። «ቃሌን ትቀበያለሽ። መጀመሪያ ግን ላይ ልውጣ።»

በዚያ ቸርች የምስክርነት ሰዓት የሚባል አለ። ሥራ ያገኘ፣ ወረቀቱ የተሳካለት፣ ከሕመም የዳነ ሰው ወጥቶ ያመሰግናል። ስለ መውደቁ ሊመሰክር የወጣ ሰው ግን ማንም አያስታውስም። ዘመናይ ማይኩን ይዛ ቆመች። ሐጌ ከፊት ረድፍ ተነሥቶ ቆመ፤ ምን ልትል እንደሆነ አላወቀም፣ ግን ቆመ።

«ትናንት ወድቄያለሁ» አለች። «ክሊኒኩ ውስጥ፣ ክኒን ክፍሉ ውስጥ። ያገኘኝ ለሜሳ ነው። በጎኔ አስተኛኝ፣ ጃኬቱን ከራሴ ሥር አደረገ፣ ክብሪት ጫረልኝ። እኔ ልሸሸግ ብዬ እሱ ታሰረ። መንጃ ፈቃዴ ይቆይ። ወደ ጥናቱ እመለሳለሁ፤ መውደቄንም ራሴ ነግሬያቸው ይመዘግቡታል። ለልጆቻችሁ የሚሆን መድኃኒት በውሸት አይሠራም። የምትስቁብኝ ካላችሁ አሁን ሳቁ፣ ከዚያ እንዘምር።»

የሳቀ አልነበረም። ምንዳዬ ከኋላ ተነሣ። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ ሰው። ያ የክሊኒኩ ረድፍ ሰው ሁሉ፣ ማንም ተነሡ ሳይላቸው፣ በጉባኤው መካከል ቀጥ ብሎ ቆመ። አንዳንዶቹ ሕመማቸውን እስከዚያች ቅጽበት ከጎናቸው ለተቀመጠው ዘመድ እንኳ አልነገሩም ነበር። ማዕዶት በሩ አጠገብ ሆና አየቻቸው። በሥራዋ ብዙ ሰው ሲያምን አይታለች፤ እንዲህ ራሱን ቀና አድርጎ ሲያምን ግን አላየችም።

ስልኳን አውጥታ ለኤሪክሰን ደወለች። «ለዐቃቤ ሕጓ ንገራት። ወንጀል የለም።»

«ምን ነበር ታዲያ?»

«የመጀመሪያ እርዳታ።»

* * *

ለሜሳ ከሰዓት በኋላ ተፈታ። ሚስቱ ሲንቄ መኪና ውስጥ ሆና ትጠብቀው ነበር። ማዕዶት ታጥቦ የታጠፈ ጃኬቱን ሰጠችው፤ ዘመናይ ቸርቹ ውስጥ ያለችውንም ነገረችው። ጃኬቱን ለበሰ፣ ዚፑን እስከ አንገቱ ሳበው፣ «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብሎ ሄደ።

በሳምንቱ ሙከራው ቀጠለ። ዶክተር ሊንድግሬን አዲስ የተመዘገቡ እንዳሉ፣ ከነሱም ብዙዎቹ ከዚያ ቸርች እንደመጡ ነገራት። የለሜሳ ስም ከመካከላቸው ይኖር እንደሆነ ጠየቀችው፤ ይህን መናገር አይፈቀድልኝም አላት።

ማዕዶትን እረፍት የነሣት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ለለሜሳ በስልኳ ጻፈችለት፤

«ለሜሳ፣ መርማሪ ማዕዶት ነኝ። መዝገቡ ተዘግቷል፣ ይህን የምጠይቅህ እንደ ፖሊስ አይደለም። ከአገር እንደሚያስወጡህ ነግሬህ ነበር፤ አውቃለሁ አልከኝ። ዘመናይ ራሷ ባትናገር ኖሮ እስከ መጨረሻው ዝም ትል ነበር?»

ላከችው። ወዲያው እንዳነበበው ስልኩ አሳያት። ከዚያ በኋላ በረዶው ወረደ፣ ክረምቱም አለፈ። መልስ ግን አልመጣም።